ሎግ መጻፍ ያቆመ ሰርቨር፦ ከወሎ ከተሞች ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄዎቹ ኡቡንቱና ሬድሃት በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ስለሚሠራው አርሲስሎግ፣ ማለትም የሰርቨሩን መልእክቶች ወደ ሎግ ፋይል ስለሚጽፈው ፕሮግራም፣ ናቸው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ሎግ ቆመ ብላችሁ ወዲያው ሪስታርት አታድርጉ። ለጊዜው ይሠራል፣ ምክንያቱ ግን አብሮ ይጠፋል፤ በሳምንቱ ያው ችግር ይመለሳል።

ከደሴ፦ «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ» አገልግሎቱ እየሠራ ነው ይለኛል። /ቫር/ሎግ/ሲስሎግ ግን ከትናንት ወዲህ አንድ መስመር አልጨመረም። ከየት ልጀምር?

«እየሠራ ነው» ማለት ፕሮሰሱ አልሞተም ማለት ብቻ ነው፤ ይጽፋል ማለት አይደለም። «ሎገር ሙከራ1» ብለው ይላኩና «ጆርናልሲቲኤል -ኤን 5» ይመልከቱ። ቃሉ እዚያ ከታየ ጆርናልዲ (መልእክቱን ከአርሲስሎግ በፊት የሚቀበለው አገልግሎት) ተቀብሎታል፤ የተቋረጠው ከዚያ ወዲህ፣ ከአርሲስሎግ እስከ ፋይሉ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ቀጥሎ ዲስኩን ይዩ፦ «ዲኤፍ -ኤች»፣ ከዚያም «ዲኤፍ -አይ»። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ባዶ ቦታ እያለ አይኖድ (ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ የሚያስፈልግ የመዝገብ ቦታ) ካለቀ ግን አዲስ ፋይል አይፈጠርም። ሌላም አለ፦ ኢኤክስቲ4 የሚባለው ፋይል ሲስተም ሲፈጠር ከቦታው 5 በመቶውን ለሩት (ለዋናው አስተዳዳሪ) ያስቀራል። ኡቡንቱ ላይ አርሲስሎግ የሚሠራው «ሲስሎግ» በሚባል ተራ ተጠቃሚ ስም ነው። ስለዚህ ዲስኩ ጫፍ ሲደርስ እርስዎ ሩት ሆነው ሲሞክሩ ይጻፋል፣ አርሲስሎግ ግን ቦታ የለም ይባላል። ሰውን የሚያደናግረው ይህ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ዲስኩ ሲሞላ ትልቁን የሎግ ፋይል አጠፋሁት። ቦታውም አልተመለሰ፣ አዲስ ሎግም የለ።

አብሽሪ እህቴ፣ ይስተካከላል። የጠፋው ስሙ ብቻ ነው፤ አርሲስሎግ ፋይሉን ከፍቶ እንደያዘ ስም በሌለው ፋይል ላይ መጻፉን ቀጥሏል። «ኤልሶፍ +ኤል1» ስትዪ ከነመጠኑ «ዲሊትድ» ተብሎ ይታይሻል። «ሲስተምሲቲኤል ኪል -ኤስ ኸፕ አርሲስሎግ» በዪው፤ ኸፕ የሚባለው ምልክት ሲደርሰው የያዘውን ለቆ አዲስ ይከፍታል። ወደፊት አታጥፊ፤ «ትራንኬት -ኤስ 0» ብለሽ ባዶ አድርጊው።

ሎግሮቴትም (የቆየውን ሎግ ስም ቀይሮ አዲስ የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ይህንኑ ችግር ያመጣል። «ፖስትሮቴት» ክፍሉ ኸፕ ካልላከ አዲሱ ሲስሎግ 0 ባይት ሆኖ ይቀመጣል፣ ሲስሎግ.1 ደግሞ እያደገ ይሄዳል። ኸፕ ተልኮም አዲስ ፋይል ካልተፈጠረ «ኤልኤስ -ኤልዲ /ቫር/ሎግ» በዪ። ኡቡንቱ ላይ ባለቤቱ ሩት፣ ግሩፑ ሲስሎግ፣ ፐርሚሽኑ 775 መሆን አለበት። አንድ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ 755 ካደረገው አርሲስሎግ እዚያ ውስጥ አዲስ ፋይል መፍጠር አይችልም።

ከወልድያ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ መጣ፤ ሎጉ ያን ጊዜ ቆመ። 20:00 አካባቢ ብፈልግ ግን ምንም የለም።

የሌሊቱ 8 ሰዓት በሰርቨሩ አቆጣጠር 02:00 ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ከሆነ ደግሞ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀነሳል፦ የቀደመው ቀን 23:00። «ታይምዴትሲቲኤል» የትኛው እንደሆነ ይነግርዎታል። ሰዓቱ ጭራሽ ዓመታት ወደኋላ ከሄደ የማዘርቦርዱ ሲአር2032 ባትሪ አልቋል።

መብራት ተቋርጦ ሲመለስ ፋይል ሲስተሙ ስህተት ካገኘ ለንባብ ብቻ ተብሎ ሊከፈት ይችላል። «ዲሜስግ» ላይ «ሪማውንቲንግ ... ሪድኦንሊ» የሚል ካዩ መድኃኒቱ ፋይል ሲስተሙን የሚጠግነው ኤፍኤስሲኬ ነው፤ ግን ማውንት በተደረገ (ተከፍቶ በሥራ ላይ ባለ) ዲስክ ላይ በጭራሽ አያስኪዱት። ሬድሃት ከሆነ /ቫር/ሊብ/አርሲስሎግ/ ውስጥ ያለው ኢምጆርናል.ስቴት (አርሲስሎግ ከጆርናሉ የት ድረስ እንዳነበበ የሚመዘገብበት ፋይል) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። አገልግሎቱን አቁመው ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩና ያስነሡ፤ የቆዩ መልእክቶች ተደግመው ቢጻፉ አይደንግጡ።

ከላሊበላ፦ ሎጉን በቲሲፒ 514 ደሴ ወዳለ ሰርቨር እልካለሁ፤ ሪስዩምሪትራይካውንት -1 ነው። መስመር ሲቋረጥ እዚሁ ያለው ፋይልም ይቆማል።

-1 ማለት እስኪሳካ ሞክር ማለት ነው። ለአክሽኑ (ሎጉን ወደ ደሴ ለሚልከው ትእዛዝ) የራሱ ወረፋ ካልሰጡት ሲጠብቅ ዋናውን ወረፋ ይዘጋና እዚያው ሰርቨሩ ላይ ያለውን ፋይልም ያስቆማል። እዚያው አክሽን ውስጥ ኪው.ታይፕ ሊንክድሊስት፣ ኪው.ፋይልኔም የመረጡት ስም፣ ኪው.ማክስዲስክስፔስ 1ጂ፣ ኪው.ሴቭኦንሸትዳውን ኦን ይጨምሩ። ሪስታርት ከማድረግዎ በፊት «አርሲስሎግዲ -ኤን1» ይበሉ፤ የአጻጻፍ ስህተት ካለ ይነግርዎታል።

ከሐይቅ፦ ይጽፋል፣ ግን ሥራ ሲበዛ ይዘልላል።

ገደብ ነው። ኢምጆርናል (አርሲስሎግ ከጆርናልዲ የሚያነብበት ክፍል) በ600 ሰከንድ ከ20000 መልእክት በላይ ይጥላል፤ ጆርናልዲም ለእያንዳንዱ አገልግሎት በ30 ሰከንድ 10000 ነው። «ሰፕረስድ» የሚል መስመር ይፈልጉ፤ ገደቡን ከማንሳትዎ በፊት ግን ያን ያህል የሚጮኸው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ይለዩ።