ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ጠዋት ጠዋት ወገቤ ይገተራል፤ ምን ዓይነት ፍራሽ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ44 ዓመት መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከስድስት ወር ወዲህ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ወገቤ ተገትሮ አልታጠፍ ይለኛል። ፊቴን ታጥቤ የልጆቹን ቁርስ እስካቀርብ ድረስ ይለቀኛል፤ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምርም ብዙ አይሰማኝም። ፍራሻችን ስንጋባ የተገዛ ስፖንጅ ነው። 11 ዓመት ሆኖታል፤ መሀሉ ጎድጉዷል። ባለቤቴ ከእኔ ስለሚከብድ ሌሊት ሳላውቀው ወደ እሱ ተንሸራትቼ እገኛለሁ። ለፋሲካ እናቴ ጋ ሄጄ ጥጥ ፍራሽ ላይ ሦስት ሌሊት ሳድር ወገቤ ትዝም አላለኝ። ጎረቤቶቼ «መሬት ላይ ተኚ፣ ወገብ የሚወደው ጠንካራ ነገር ነው» ይሉኛል። ፍራሽ ቤት ስጠይቅ ደግሞ «ሜዲካል» የሚሉትን በእጥፍ ዋጋ አሳዩኝ፤ ስጫነው እንደ ጣውላ ነው። በእኔ ደመወዝ ሁለቴ ልሳሳትበት የምችለው ዕቃ አይደለምና ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፉልኝ ሁሉ የጠቀመኝ የእናትዎ ቤት ነገር ነው። ብዙ ሰው ወገቡን የት የት እንደሚያመው ይነግረኛል፤ መቼ እንደማያመው የሚነግረኝ ግን ጥቂት ነው። እርስዎ ሌላ ቤት ሲያድሩ ይተውዎታል፣ ቤትዎ ሲመለሱ ይመለሳል፣ ከተነሱም በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይለቃል። እንዲህ መጥቶ እንዲህ የሚሄድ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከመኝታ ጋር የተያያዘ ነው።

በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል ያሉት ዲስኮች ቀን የሰውነታችንን ክብደት ተሸክመው የተጨመቁትን ያህል ሌሊት ውኃ መጥጠው ያብጣሉ። ጠዋት ከማታው በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የምንረዝመው ለዚህ ነው። ስለዚህ ደህና ወገብም ቢሆን ሲነጋ ትንሽ ደረቅ ይላል። በዚህ ላይ ዳሌዎ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ፣ ትከሻዎና እግርዎ ከፍ ብለው ስድስት ሰባት ሰዓት ሲያድሩ፣ ወገብን ደግፈው የያዙት ጅማቶች ሌሊቱን ሙሉ ተወጥረው ያነጋሉ። ወደ ባለቤትዎ እየተንሸራተቱ ከሆነ ደግሞ ጡንቻዎ ተኝተውም ላለመውደቅ ሲታገል ነው የሚያድረው።

ነገር ግን ይህን መልስ ከእርስዎ ሌላ የሚያነቡትም አሉና አንድ ታካሚዬን ላንሳ። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት የጭነት መኪና ሹፌር መጣ። ወገቡን ካመመው አራት ወር ሆኖታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ፍራሽ ቀይሯል። የመጀመሪያውን በጣም ለስላሳ ነው ብሎ ለወንድሙ ሰጠው፤ ሁለተኛውን ጠነከረብኝ ብሎ ሸጠው። ሕመሙ ግን ሲነጋ አይለቀውም፤ ጭራሽ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰዋል። ልመረምረው ቀበቶውን ሲፈታ፣ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች አየሁ። ከስቷል። ስጠይቀው ማታ ማታ እንደሚያልበው ነገረኝ፤ ቀን በመኪናው ሙቀት ነው ብሎ ስላሰበ ለማንም አልተናገረም ነበር። የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱን ለወራት ሳያቋርጥ ወስዶ ዳነ፤ ቢቆይ ኖሮ እግሮቹን ሊያጣ ይችል ነበር።

ስለዚህ የወገብ ሕመሙ ሌሊት የሚቀሰቅሰው፣ ቀንም የማይለቀው፣ ትኩሳት፣ ላብ ወይም መክሳት ያለበት ሰው ወደ ፍራሽ ቤት ሳይሆን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጥሬ ወተት የሚጠጡ ሰዎች ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ወገብን ያማል። ዕድሜው ከ45 በታች ሆኖ የጠዋቱ መገተር እንደ እርስዎ ቶሎ ሳይለቅ ለወራት የዘለቀበት፣ በተለይ ሲንቀሳቀስ የሚሻለውና ሲያርፍ የሚብስበት ሰውም የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ስለሚችል ይታይ። በሁለት እግሮች መሀል መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልያዝ ማለት፣ እግር መዛል ከመጣ ደግሞ ሳይታደር በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቶችዎ ምክር ልምጣ። «ጠንካራ ላይ ተኛ» የሚለው ከጎረቤት ብቻ የመጣ አይደለም፤ እኛ ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን ስንሰጠው ኖረናል። እኔም ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት «ከፍራሹ ሥር ኮምፖርሳቶ አድርጉበት» እያልኩ ብዙ ሰው ሸኝቻለሁ። አሁን ግን አልልም። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የስፔን ጥናት፣ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 313 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ጠንካራ፣ ለግማሾቹ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ሰጠ። የትኛው ለማን እንደደረሰ ታካሚዎቹም የሚመረምሯቸው ሐኪሞችም አያውቁም ነበር። ከ90 ቀን በኋላ በመካከለኛው ላይ የተኙት አልጋ ላይ ሳሉም ሆነ ሲነሱ ሕመማቸው ይበልጥ ቀለለ፤ በቀን ሥራቸውም የተሻሉት እነሱ ነበሩ።

ምክንያቱን ማየት አይከብድም። ሴት ልጅ በጎኗ ስትተኛ ዳሌዋና ትከሻዋ ከወገቧ ወጣ ይላሉ። መሬት ወይም ጣውላ የሚመስል ፍራሽ ለእነዚህ ቦታ ስለማይለቅ ወገቡ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል፤ ዳሌም ይደነዝዛል። በጣም ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ዳሌው ይሰምጥና ወገቡ እንደ ሐመር ይጎብጣል። የሚፈለገው ለዳሌና ለትከሻ ጥቂት የሚጎደጉድ፣ ወገብን ግን ከሥር የሚይዝ ነው። የእናትዎ ጥጥ ፍራሽ የሠራውም ይህንኑ ይመስለኛል። «ሜዲካል» ወይም «ኦርቶፔዲክ» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ፍራሹ በሐኪም ተመርምሮ አለፈ ማለት አይደለም። ማንም አምራች ሊለጥፈው የሚችል ስም ነው፤ ለስሙ ብለው እጥፍ አይክፈሉ።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ፍራሹን ያንሱና የአልጋውን ርብራብ ይመልከቱ። አንዱ ተሰብሮ ወይም ከቦታው ወጥቶ ከሆነ አዲስ ፍራሽ ቢገዙም በወራት ውስጥ እዚያው ላይ ይጎደጉዳል፤ አናጺ ግን በትንሽ ዋጋ ያስተካክለዋል። ርብራቡ ደህና ከሆነ የመጥረጊያ እንጨት ወይም ሌላ ቀጥ ያለ ዘንግ በፍራሹ ላይ አግድመው ያስቀምጡ። በመሀል በእንጨቱና በፍራሹ መካከል ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ ያ ፍራሽ አገልግሎቱን ጨርሷል። እንደ አጻጻፍዎ ከሆነ የእርስዎ ከዚህም የባሰ ነው።

ፍራሽ ቤት ሲሄዱ ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ። ብቻዎን ሲተኙበት ደህና የነበረ ፍራሽ እሱ ሲጨመር ሊያጋድል ይችላል። ነጋዴዎቻችን ብዙ ጊዜ ፍራሹን በላስቲክ እንደተጠቀለለ ግድግዳ አስደግፈው ነው የሚያሳዩት፤ ገዢውም በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ዋጋ ይጠይቃል። በጣት የሚታወቀው የላዩ ብቻ ነው። እንዲያጋድሙልዎ ይጠይቁ፤ ጫማዎን አውልቀው፣ ነጠላዎን ጣል አድርገውበት፣ ቤት እንደሚተኙት ሆነው ቢያንስ 10 ደቂቃ ይተኙበት። ሰው እያየ መተኛት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ነገር ግን ለሚቀጥሉት ስምንት አሥር ዓመታት የሌሊትዎ ቦታ ነውና እፍረቱን ይቻሉት። «አይተኛበትም» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

በጀርባዎ እንደተኙ እጅዎን ከወገብዎ ሥር ያስገቡ። እጅዎ ምንም ሳይነካው ወዲያ ወዲህ ከተመላለሰ ፍራሹ ጠንክሮብዎታል፤ አልገባም ብሎ ከታገለዎት ለስልሷል፤ ጠበብ ብሎት ግን የሚገባ ከሆነ እሱ ነው። ቀጥሎ በጎንዎ ይዙሩና ባለቤትዎ ከኋላ ሆነው ከአንገትዎ እስከ ጭራ አጥንትዎ ድረስ ያለውን መስመር ይመልከቱ፤ በስልክ ፎቶ ቢያነሱት ደግሞ ራስዎም ያዩታል። መስመሩ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ ቦታ ተቀያይራችሁ እርስዎም እሳቸውን ይመልከቱ።

ሻጮች ስለ «ዴንሲቲ» ሲያወሩ መስማትዎ አይቀርም፤ ብዙዎቹ ከጥንካሬ ጋር ያምታቱታል። ዴንሲቲ ማለት በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ኪሎ ስፖንጅ አለ ማለት ነው። ይህ የሚነግርዎ ፍራሹ ስንት ዘመን ሳይጎደጉድ እንደሚቆይ እንጂ ሲተኙበት ምን ያህል እንደሚጠነክር አይደለም። ዴንሲቲው ከፍ ያለ ሆኖ ለስለስ የሚል ስፖንጅ አለ፤ ዝቅተኛ ሆኖ የሚቆረቁርም አለ። ቁጥሩን በሚዛን ማጣራት ይቻላል። 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ90፣ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ 0.57 ሜትር ኩብ ይሆናል። ዴንሲቲው በእርግጥ 25 ከሆነ ስፖንጁ 14 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 30 ከሆነ 17፤ 18 ከሆነ ግን 10 ኪሎ ብቻ ነው። ባለቤትዎ ከበድ ስለሚሉ ከ25 በታች አይውረዱ፤ ከቻሉ 30 ይሁን። ዚፕ ካለው ልብሱን ከፈት አድርገው ውስጡን ይዩ። ቀለሙ ዝንጉርጉር ከሆነ ቁርጥራጭ ስፖንጅ ተጨምቆ የተሠራ ነው፤ ይመዝናል፣ ይጠነክራልም፤ ለዳሌዎ ግን ቦታ አይለቅም።

ሜሞሪ ፎም የሚሉትን በደብረ ብርሃን ብርድ አልመርጥልዎትም። የሚለሰልሰው በሰውነት ሙቀት ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ መጀመሪያ ሲተኙበት ድርቅ ይላል። ለቆላ ሰው ደግሞ ሙቀት ይይዝበታል።

በጀቱ ለጥሩ ስፖንጅ ካልበቃ መናኛ ስፖንጅ ከመግዛት ጥጥ ፍራሽ አሠርተው ቢተኙ ይሻለኛል። ጥጥ በጊዜ ይረግጣል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ማስነደፍና በየጊዜው ፀሐይ ማስመታት ይፈልጋል። ድካም አለው፣ ነገር ግን አንዴ ከጎደጎደ ስፖንጅ በተለየ ተነድፎ እንደ አዲስ ይነሳል። ያገለገለ ፍራሽ ግን አይግዙ። ትኋን ስፌቱ ውስጥ ይደበቃል፤ በስፌቱ ዙሪያ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ እሱ ነው፤ ፀሐይ ላይ ማስጣቱም እስከ ውስጥ ድረስ አይገድለውም።

አዲሱን ቤት ሲያስገቡ ላስቲኩን ይቅደዱለት። ፍራሹ እንዳይቆሽሽ ብለው ለዓመታት ላስቲኩ ላይ የሚተኙ ብዙ ቤቶች አይቻለሁ፤ ከአንሶላው ሥር በእያንዳንዱ መገላበጥ ይንኮሻኮሻል፣ ላብ ይይዛል፣ ሕፃን ላለበት ቤት ደግሞ የመታፈን አደጋ ነው። ላስቲኩን አውጥተው፣ መስኮት ከፍተው አንድ ሁለት ቀን ይናፈስ፤ የስፖንጁ ሽታ ይቀንሳል። ለንጽሕናው የሚታጠብ የጥጥ ልብስ ያልብሱት። በየሦስት ወሩ ራስጌውን ወደ ግርጌ ያዙሩት፤ የባለቤትዎ ክብደት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እንዳያርፍ።

ገንዘቡ እስኪሞላ ድረስ አሮጌውንም ዛሬ ማታ ራስጌ ወደ ግርጌ ያዙሩት። በጎንዎ ሲተኙ በጉልበቶችዎ መሀል ትራስ ያድርጉ፤ በጀርባዎ ከሆነ ከጉልበትዎ ሥር። ጠዋት ደግሞ ቀጥ ብለው ከመነሳትዎ በፊት አልጋ ላይ እንዳሉ ጉልበትዎን በየተራ ወደ ደረትዎ ሳብ ለቀቅ ያድርጉ፤ ከዚያ በጎንዎ ተገልብጠው በክንድዎ ተደግፈው ይነሱ። ወገብዎ ተሽሎ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ካለዎ የምሽቱን ቡና ይዩት። በአብዛኛው ሰው ከጠጣው ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም በደሙ ውስጥ አለ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት የጠጡት አቦል ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገና ግማሹ አልወጣም።

ለአዲሱ ፍራሽ አራት ሳምንት ይስጡት፤ ሰውነትም የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ይለማመዳል እንጂ ወዲያው አይመቸውም። ከአራት ሳምንት በኋላም ጠዋት ጠዋት እንደ ቀድሞው ከተገተረ ሌላ ፍራሽ አይቀይሩ፤ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሲሄዱም ሕመሙ የሚጀምርበትንና የሚለቅበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት በወረቀት መዝግበው ይያዙ።