ኮምፒውተር ወይስ ፕሌይስቴሽን? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ጌም ማሽን ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። የውጭ አገር ቪዲዮዎች ይህን ክርክር የሚጀምሩት ከግራፊክስ ነው። እኛ ጋ መጀመር ያለበት ከመብራት፣ ከዳታና ከክፍያ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን ካወጣ በኋላ የሚቸገረው በእነዚህ ሦስቱ ስለሆነ መልሶቼም ወደዚያ ያደላሉ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሳታበዛ ንገረኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ከማን ጋር ነው የምትጫወተው? ጓደኞችህ ቤት እየመጡ ኳስ የምትጫወቱ ከሆነ ኮንሶል፣ ማለትም እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ ለጌም ብቻ የተሠራ ማሽን ግዛ። ቲቪ ላይ ትሰካለህ፣ ሁለት ጆይስቲክ ታወጣለህ፣ አለቀ። ብዙውን ጊዜ ብቻህን የምትጫወት ከሆነና ማሽኑ ሥራም እንዲሠራልህ ከፈለግህ ኮምፒውተር ያዋጣሃል። ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ወይም ዲዛይን የሚሠራ ሰው ኮንሶል ላይ ገንዘቡን ባይጨርስ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ በፕሌይስቴሽን 5 ዋጋ ኮምፒውተር ብገዛ እኩል ያጫውተኛል?

መልስ፦ አዲስ ዕቃ ከሆነ ይከብዳል። ፕሌይስቴሽን 5 በኅዳር 2020 እንደ ፈረንጆቹ ሲወጣ ዲስክ የሚቀበለው 499 ዶላር ነበር። ስምንት ኮር ያለው ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋባይት ሜሞሪና 825 ጊጋባይት ፈጣን ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ማከማቻ) ነበረው። በዚያ ገንዘብ ይህን የሚያክል ኮምፒውተር መገጣጠም አይቻልም ነበር። የፕሌይስቴሽን አምራች ሶኒ ዋናውን ትርፍ የሚያገኘው ከማሽኑ ሳይሆን ከጌም ሽያጭና ከአባልነት ክፍያ ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ አምራችና የራሱ ትርፍ አለው።

ግን ሂሳቡ እዚያ አያልቅም። ኮንሶሉ ላይ የተገዛ ጌም ከሌላ ሰው ጋር ኦንላይን ለመጫወት አብዛኛውን ጊዜ ፕሌይስቴሽን ፕላስ የሚባለውን የአባልነት ክፍያ መክፈል አለብህ። እንደ ፎርትናይት ያሉ ነፃ ጌሞች ከዚህ ክፍያ ውጪ ናቸው። ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ የኦንላይን ክፍያ የለም። በዚያ ላይ የኮምፒውተር ጌም የሚሸጠው የኦንላይን ሱቅ ስቲም በቅናሽ ሰሞን የቆዩ ጌሞችን ዋጋ ክፉኛ ያወርዳል። በሌላ በኩል የኮንሶል ዲስክ ተጫውተህ ስትጨርስ ትሸጠዋለህ፣ ከጓደኛ ትቀያየራለህ። ስቲም ላይ የገዛኸውን አትሸጠውም።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ ፕሌይስቴሽን 5 ልታመጣልኝ ነው። እዚያ 110 ነው ይላሉ፤ እዚህ ስሰካው አይቃጠልም?

መልስ፦ አይቃጠልም። ማሽኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፈልገህ አንብብ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። የሚቀየረው ገመዱ ብቻ ነው። ከኋላው የሚገባው ጫፍ የድሮ ቴፕና ሬዲዮ ገመድ ዓይነት፣ ስምንት ቁጥር የሚመስለው ነው። ከየትኛውም ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ታገኘዋለህ።

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከአሜሪካ የሚመጣላችሁ ግን ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው ትንሽ ቀይ ማብሪያ የሚመስል ነገር አለው፤ 115 እና 230 ይላል። 115 ላይ እንዳለ እዚህ ብትሰኩት ይፈነዳል። ከመሰካታችሁ በፊት ወደ 230 ግፉት። ቀዩ ነገር ከሌለውና ጽሑፉ እስከ 240 ካለ ችግር የለም።

የአሜሪካ ዲስክ እዚህም ይሠራል። ተጨማሪ ይዘት ከኦንላይን ሱቁ መግዛት ስትፈልግ ግን አካውንትህ የዲስኩ አገር መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ መብራት በየጊዜው ይሄዳል። የትኛው ይቋቋማል?

መልስ፦ ላፕቶፕ። ባትሪ አለውና መብራት ሲሄድ አይጠፋም። ግን ባትሪ ላይ ግራፊክስ ካርዱ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) ኃይሉን ስለሚቀንስ ከባድ ጌም ይንቀራፈፋል። ስለዚህ የላፕቶፕ ጥቅሙ ጨዋታውን ሴቭ አድርገህ በሰላም መዝጋትህ ነው።

ኮንሶል ሲጫወት በድንገት ሲጠፋ ዋናው ስጋት ማከማቻው ነው። በተለይ ፕሌይስቴሽን 4 ውስጥ ያለው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እየጻፈ እያለ ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። መልሰህ ስትከፍተው በትክክል አልተዘጋም የሚል መልእክት አውጥቶ ማከማቻውን የሚፈትሸው ለዚህ ነው። ሬስት ሞድ ላይ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ እንዳንቀላፋ ትተህ አትተኛ፤ ሙሉ በሙሉ ዝጋው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሶኬቱን ንቀል። ሲመለስ የሚመጣው ጉልበት ነው ብዙ ዕቃ የሚያቃጥለው። ትንሽ ጠብቀህ ሰካው።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) መግዛት ከቻልክ ግዛ። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጌም ላይ 200 ዋት አካባቢ ይበላል፤ ቲቪው ሲጨመር ትንሽ ዩፒኤስ የሚይዘው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ጌሙን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ያ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ዲስክ ከገዛሁ ዳታ አያስፈልገኝም አይደል?

መልስ፦ ይቀንስልሃል እንጂ አያስቀርልህም። ጌሙ ከዲስኩ ተጭኖ ካበቃ በኋላ አፕዴት ይጠይቃል፤ እሱም ብዙ ጊጋባይት ሊሆን ይችላል። ኦንላይን ካልፈለግህ አፕዴቱን አልፈህ መጫወት የምትችላቸው ብዙ ናቸው። ሁሉም ግን አይደሉም። ዲስኩ ላይ ሙሉ ጌሙ የሌለባቸውም አሉ፤ ከመግዛትህ በፊት ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እይ።

በዚህ ነገር ኮምፒውተር ብዙ የማይወራለት ጥቅም አለው። የኳስ ጌሙ ኢኤ ኤፍሲ 24 ኮምፒውተር ላይ 100 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። ይህን በሞባይል ዳታ ማውረድ ጨርሶ አይታሰብም። ስቲም ላይ ግን ያንኑ ጌም የገዛ ጓደኛ ካለህ፣ እሱ ያወረደውን ፎልደር በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገልብጠህ በራስህ ስቲም ውስጥ ታስቀምጠዋለህ። ከዚያ በራስህ አካውንት አውርድ ስትለው መጀመሪያ ያለውን ፋይል ይፈትሻል፤ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ሰፈር ውስጥ አንድ ጥሩ ዋይፋይ ያለው ሰው ለሁሉም ይበቃል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ለወንድሜ የፕሌይስቴሽን ካርድ ልላክለት ብል አልሠራ አለ።

መልስ፦ አካውንቱ የሌላ አገር ስለሆነ ይሆናል። ከኦንላይን ሱቁ ጌም የሚገዛበት ካርድ የሚሠራው ለተሸጠበት አገር አካውንት ብቻ ነው። የአሜሪካ አካውንት የኤምሬትስ ካርድ አይቀበልም። ችግሩ የሚጀምረው ኢትዮጵያ አካውንቱ በሚከፈትበት በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የአገር ዝርዝር ውስጥ ባለመኖሯ ነው። ሰው ሁሉ ያገኘውን አገር መርጦ ይከፍታል፤ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ አገሩን መቀየር አይቻልም። ስለዚህ ወንድምሽ የትኛውን አገር እንደመረጠ መጀመሪያ ጠይቂው። ይህ ነገር በጣም ያበሳጨኛል። ከአፍሪካ በዝርዝሩ ያለችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት፤ የሚከፍል ደንበኛ ግን በየአገሩ ሞልቷል። ስቲም ከኢትዮጵያ ሆኖ አካውንት መክፈት ይፈቅዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የ12 ዓመት ልጅ አለኝ። ለትምህርቴ ነው እያለ ውድ ላፕቶፕ ግዢልኝ ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ ለትምህርት ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ አያስፈልገውም። ተራ ላፕቶፕ ይግዙለት፤ በተረፈው ገንዘብ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ገዝተው ሳሎን ያስቀምጡለት። ሳሎን ሲሆን ምን እንደሚጫወትና ስንት ሰዓት እንደቆየ ያያሉ፤ መኝታ ቤት ከተዘጋ ላፕቶፕ ጋር ይህ አይሆንም። የልጅ አካውንት ከፍተው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጫወት መወሰንም ይችላሉ። ማሽኑም ደግሞ ለእህት ወንድሞቹ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ሱቅ ሄጄ “ጌሚንግ ላፕቶፕ ነው” ሲሉኝ እንዴት ላረጋግጥ?

መልስ፦ ከላዩ ላይ ያለውን ስቲከር አትመን። አስከፍተህ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈትና ወደ ታች ጂፒዩ (ግራፊክስ) የሚለው ጋ ውረድ። ኢንቴል ዩኤችዲ የሚል አንድ ብቻ ካለ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ከባድ ጌም አትጠብቅበት። ኤንቪዲያ ጂፎርስ የሚል ሁለተኛ ካለ ስሙን እስከ ቁጥሩ ጻፍ። እዚያው ሜሞሪ የሚለውን ተጭነህ ራሙን እይ፤ ከ8 ጊጋባይት በታች ከሆነ ተወው፣ 16 ቢሆን ደስ ይለኛል።

ሻጩ ከፈቀደ ቻርጀር ላይ አድርገህ ለሃያ ደቂቃ ጌም ክፈትበት። ወዲያው የሚግልና የሚንቀራፈፍ ከሆነ አቧራ ወይም የደረቀ ፔስት (ፕሮሰሰሩ ሙቀቱን እንዲያስወጣ የሚቀባው ቅባት) ሊኖርበት ይችላል። ዋጋው ላይ ተከራከርበት። ቻርጀሩም የራሱ መሆኑን እይ። ደካማ ቻርጀር ያለው ጌሚንግ ላፕቶፕ ጉልበቱን አያወጣም።

ጥያቄ፦ የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል። በዩኤስቢ ሰካው፣ ስቲም ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ኳስ ኮምፒውተር ላይ ከኮንሶሉ ያንሳል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ድሮ እውነት ነበር። እስከ ፊፋ 22 ድረስ ኮምፒውተር ላይ የሚመጣው የፕሌይስቴሽን 4 ዓይነቱ ነበር። ከፊፋ 23 ጀምሮ የፕሌይስቴሽን 5 ዓይነቱ ነው የሚመጣው፤ ከኮንሶል ተጫዋቾች ጋርም መጋጠም ይቻላል። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ጌም ከሆነ ግን ኦፊሴላዊ ኦንላይን አይኖርህም። ከማይታወቅ ቦታ የወረደ ክራክ ቫይረስ ይዞ የሚመጣበት ጊዜም ብዙ ነው። የሥራ ፋይልህ ባለበት ኮምፒውተር ላይ እባክህ አትጫነው።

ጥያቄ፦ ጂቲኤ 6ን ለመጫወት ምን ልግዛ?

መልስ፦ የጌሙ አምራች ሮክስታር ያሳወቀው ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ እና ኤስ ነው። ጂቲኤ 5 እንደ ፈረንጆቹ በመስከረም 2013 ኮንሶል ላይ ወጥቶ ኮምፒውተር ላይ የደረሰው በሚያዝያ 2015 ነበር። ሌላው የሮክስታር ጌም ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ደግሞ የኮምፒውተር ተጫዋቾችን አንድ ዓመት ገደማ አስጠብቋል። ስለዚህ ለዚህ ጌም ብለህ ብቻ ኮምፒውተር አትግዛ። ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 “ጂቲኤ 6 ያጫውታል” ብሎ ሊሸጥልህ የሚሞክር ካለም አትስማው።