ታርጋው ግማሹ የተሸፈነ የእንግሊዝ መኪና፦ ስለ አያትሽ ፎቶ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ፎቶውን በትልቁ ከፈትኩት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ማታ አብሬው አምሽቻለሁ።

ጥያቄውን ላላዩ በአጭሩ ልድገመው፤ «ይህች መኪና ምን ዓይነት ናት?» የሚል ነው። አያቷ ወጣት ሳሉ እንግሊዝ አገር ተምረዋል። ከአንዲት ጥቁር ትንሽ መኪና አጠገብ ቆመው የተነሡት ፎቶ አክስቷ ቤት ተገኘ። አንድ ጓደኛቸው ራዲያተሩን ተደግፎ ስለቆመ የመኪናዋ ፊት አይታይም። ከታርጋው የሚነበበው «ኬ ዋይ» የሚሉ ሁለት ፊደላትና አንድ 3 ቁጥር ብቻ ነው። የፎቶው ጀርባ ላይ በአማርኛ «ብራድፎርድ፣ ሚያዝያ 1948» ተብሎ ተጽፏል። አባቷ ደግሞ አያቷ «መኪናዬ ሁለት ፒስተን ብቻ ነበራት» ይሉ እንደነበር ያስታውሳሉ። እስካሁን ኦስቲን 7፣ ሞሪስ 8 እና ፊያት ባሊላ የሚሉ መልሶች ተሰጥተዋል።

የእኔ መልስ ጆዌት ናት የሚል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ በፈረንጅ 1930ዎቹ የተሠራች፣ በሰሜን እንግሊዟ ከተማ በብራድፎርድ የተወለደች መኪና። እንዴት እንደደረስኩበት ላስረዳሽ፤ ስህተት ካለበት የቱ ላይ እንደሆነ ሌላውም እንዲያይልን።

መጀመሪያ የቀኑን ነገር እንጨርስ። ከመልስ ሰጪዎቹ ብዙዎቹ 1948ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ነው የወሰዱት። አያትሽ ግን ፎቶውን ለእናታቸው ነው የላኩት፣ ጽሑፉም በአማርኛ ነው። ለእናቱ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር አይጽፍም። ሚያዝያ 1948 በእኛ ከሆነ በእነሱ 1956 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ይህን ደግሞ ፎቶው ራሱ ያረጋግጥልናል። ከአያትሽ ትከሻ በስተቀኝ፣ ጥግ ላይ፣ የሌላ መኪና አፍንጫ ይታያል። አጉልተሽ እዪው። የዚያ መኪና ታርጋ በቁጥር ይጀምርና በፊደል ያልቃል። እንግሊዞች ቁጥሩን አስቀድመው ፊደሉን ማስከተል የጀመሩት በ1953 ነው፤ ፊደል ቀድሞ የሚመጣበት ቅደም ተከተል በየቦታው እያለቀባቸው ሲሄድ ነው እንዲህ የገለበጡት። ስለዚህ ይህ ፎቶ በ1948 ሊነሣ አይችልም። 1956 ግን በደንብ ይገጥማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፎቶውን ዕድሜና የመኪናዋን ዕድሜ አንድ አድርጎ በማየት ነው። በ1956 አንድ ተማሪ አዲስ መኪና የሚገዛበት አቅም የለውም። የሚገዛው አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት የሠራች አሮጌ ነው። ያኔ እንደነዚህ ያሉ መኪኖች በርካሽ ይገኙ ነበር። በ1960 ግን መንግሥት ከአሥር ዓመት በላይ ለሆኑ መኪኖች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ አስገዳጅ አደረገ። ፍሬናቸውና መሪያቸው የላላ መኪኖች በብዛት ወደ ቁርጥራጭ ብረት ሄዱ። የአያትሽ መኪና ዛሬ መንገድ ላይ የማትታየው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ታርጋው። ከ1904 ጀምሮ የእንግሊዝ አገር ታርጋ የሚሰጠው በየአካባቢው አስተዳደር ነበር፣ እያንዳንዱም የራሱ ፊደል ነበረው። ኮቨንትሪ «ዲ ዩ»፣ ኦክስፎርድ «ኤፍ ሲ»፣ ባዝ «ኤፍ ቢ» እያለ ይሄዳል። ሁለት ፊደልና እስከ አራት የሚደርስ ቁጥር ሲያልቅባቸው ከ1932 ጀምሮ፣ በስታፎርድሻየር አስጀማሪነት፣ ከፊት አንድ ፊደል ጨመሩ። ስለዚህ ሦስት ፊደል ባለው ታርጋ አካባቢውን የሚነግሩሽ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። «ኬ ዋይ» ብራድፎርድ ነው። በአያትሽ ፎቶ ላይ ከ«ኬ» በስተግራ፣ ከሱሪያቸው ጠርዝ ሥር፣ የሌላ ፊደል ቁራጭ ነጭ መስመር ብቅ ብሏል። ሦስት ፊደል ነው ማለት ነው፣ መኪናዋም ከ1932 በፊት የተመዘገበች አይደለችም።

ታርጋ ላይ ግን ከልክ በላይ አትመኪ። ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ ኮቨንትሪ ከገባሁ ደግሞ 16 ዓመት ሆነኝ። ይህች ከተማ በአንድ ወቅት ስዊፍት፣ ካልኮት፣ ሲንገር፣ ራይሊ፣ አልቪስ፣ ሊ ፍራንሲስ የሚባሉ መኪኖች ሁሉ የሚወጡባት ነበረች። በእረፍት ቀኔ አሮጌ ዕቃ ገበያ እየዞርኩ የድሮ ፎቶዎች እገዛለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ አዛውንት የአባታቸውን ፎቶ አሳዩኝ። ባለ ሸራ ጣሪያ መኪና፣ ታርጋው የኦክስፎርድ «ኤፍ ሲ»። ሞሪስ ይሠራ የነበረው ኦክስፎርድ ስለሆነ ሳላመነታ «ሞሪስ ካውሊ ናት» አልኳቸው። ሰውዬው ደስ ብሏቸው ሄዱ፣ ፎቶውን ፍሬም ውስጥ አስገብተው ስሙን ከሥሩ አጻፉ። ከወራት በኋላ አንድ የድሮ መኪና አዋቂ አየውና የጎማዎቹን ብሎን ቆጠረ፣ በኮፈኑ ጎን ያሉትን የአየር ማስወጫ ስንጥቆች ቆጠረ። አንዱም ከሞሪስ ጋር አልገጠመም። መኪናዋ ክላይኖ ነበረች።

ክላይኖን ዛሬ ማን ያውቃታል? የዎልቨርሃምፕተን መኪና ናት። በ1920ዎቹ አጋማሽ ከሞሪስና ከኦስቲን ቀጥላ ከምትጠራ ተርታ ደርሳ ነበር። ሞተሯን ኮቨንትሪ ክላይማክስ ከሚባል የሞተር ፋብሪካ ትገዛ ነበር። ከሞሪስ ጋር በዋጋ እልህ ተጋባች፤ እሱ ሲቀንስ እሷም ስትቀንስ፣ በ1929 ተዘጋች። ለአዛውንቱ ደውዬ እውነቱን ስነግራቸው ድምፃቸው ላይ የተሰማኝ ቅር መሰኘት እስካሁን አይረሳኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ታርጋ የሚነግረኝ መኪናዋ የት እንደተመዘገበች ብቻ መሆኑን ይዤ ነው የምነሣው። የት እንደተሠራች በሌላ ነገር ማረጋገጥ አለብኝ።

በቦዲው ቅርጽም አትታለይ። ያኔ ብዙ ፋብሪካዎች ሻንሲውን ከሞተሩ ጋር ለብቻው ይሸጡ ነበር። ቦዲውን የሚያለብሰው ሌላ ነው። ስዋሎ የሚባለው ድርጅት በተራ ኦስቲን 7 ላይ በጣም የሚያምር ቦዲ ይሠራ ነበር። ያው ስዋሎ ነው ኋላ ጃጓር የሆነው። ስለዚህ «በሯ እንዲህ ስለሆነ እንትን ናት» የሚል መልስ ስታዪ ረጋ በዪ። ስም ያለበት ቦታ ራዲያተሩ ነው። አልቪስ ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ራይሊ ሰማያዊ አልማዝ የመሰለ ምልክት፣ አርምስትሮንግ ሲድሊ ኮፈኑ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ስፊንክስ አላቸው። በአንቺ ፎቶ ግን ጓደኛቸው ልክ እዚያ ላይ ነው የተደገፈው።

ለዚህ ነው ያ የቤተሰብ ወሬ ትልቅ ዋጋ ያለው። «ሁለት ፒስተን ብቻ።» ሰው ስለ መኪናው ፍጥነትና ስለ ከፈለበት ዋጋ ያጋንናል። ፒስተን ግን ማንም አያሳንስም፣ ክብር አይጨምርለትምና። በዚህ አንድ ቃል ኦስቲን 7 ወደቀች፣ ሞሪስ 8 ወደቀች፣ ባሊላም ወደቀች። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ የሚሠራው አንድ ፒስተን ነው፤ ሦስቱ ግን ባለ አራት ሲሊንደር ናቸው።

ባለ ሁለት ሲሊንደር የሚሠሩትስ እነማን ነበሩ? ሞርጋንና ቢ ኤስ ኤ ነበሩ፣ ግን የሚታወቁት በባለ ሦስት እግራቸው ነው፤ የኋላ ጎማቸው አንድ ሆኖ መሐል ላይ ነው። በፎቶው ላይ የኋላ ጎማው በጎን፣ በፓራፋንጎው ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሮቨር 8ም ነበረች፤ የሲሊንደሮቿ ጭንቅላት በኮፈኑ ግራና ቀኝ ወጣ ብለው የሚታዩ። እሷ ግን በ1925 አበቃች፣ ለሦስት ፊደል ታርጋ አልደረሰችም። የምትቀረው ጆዌት ናት።

ቤንጃሚንና ዊሊያም ጆዌት የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው የመሠረቷት። ፋብሪካቸው ብራድፎርድ፣ አይድል በሚባለው ሰፈር ነበር። ሞተራቸው ሁለት ሲሊንደሮች ተጋድመው፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ የሚመቱበት ነው። ከ1910 ገደማ አንሥቶ እስከ 1953 ያንን አሠራር አልተውትም። ይህ ግትርነት ብቻ አይመስለኝም። ከ1921 ጀምሮ የመኪና ግብር በፈረስ ጉልበት አንድ ፓውንድ ነበር። ጉልበቱ የሚሰላው ግን በሲሊንደሩ ስፋትና ብዛት ነው፣ ፒስተኑ የሚሄድበት ርዝመት አይቆጠርም። 7፣ 8፣ 10 የሚሉት የመኪና ስሞችም የመጡት ከዚሁ ስሌት ነው። ስለዚህ ጠበብ ያሉ፣ ረጅም፣ ቁጥራቸው ያነሰ ሲሊንደሮች ያላት መኪና ግብሯ ትንሽ ነው። ብራድፎርድ በምትገኝበት፣ ዳገታማ በሆነው በዮርክሻየር ለሚኖር፣ ገንዘቡን ቆጥቦ ለሚይዝ ሰው የምትመች መኪና ነበረች። በተማሪ ገንዘብ ለሚኖሩት ለአያትሽም እንዲሁ።

አንድ ተፎካካሪ ይቀራል። ጆዌት ከጦርነቱ በኋላ «ብራድፎርድ» የሚባል የጭነት መኪና በዚያው በሁለት ሲሊንደር ሠርታለች፣ መስኮት የተበጀለትም ነበረ። እሱ ግን ጀርባው እንደ ሳጥን ቀጥ ያለ ነው። የአያትሽ መኪና ጣሪያ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ስለዚህ የቅድመ ጦርነት የቤት መኪና ናት እላለሁ። በዚህ በጣም እርግጠኛ ነኝ።

ሌሎቻችሁም የቤተሰብ ፎቶ ካላችሁ ፊት መስታወቱን እዩ። ክብ ወረቀት፣ የእነሱ ቦሎ፣ ከተለጠፈበት ከ1921 ወዲህ ነው። ቀይ «ኤል» ፊደል፣ ማለትም የለማጅ ምልክት፣ ካለ ከ1935 ወዲህ ነው። የፓራፋንጎው ጠርዝ ነጭ ቀለም ተቀብቶ የፊት መብራቱ ላይ ክዳን ካለ የጦርነቱ ጊዜ ነው፤ ከተማው በጨለማ እንዲቆይ ታዝዞ ነበር። መሪው በግራ በኩል ከሆነባችሁና ታርጋ ከሌለ ደግሞ የኮት ቁልፍ እዩ። የወንድ ኮት ግራው ነው በቀኙ ላይ የሚደረበው። ከተገለበጠ ፎቶው በተቃራኒ ታትሟል ማለት ነው።

አሁን ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ፎቶውን በስልክ አታንሺው፣ መብራቱ ያብለጨልጭበታል። ስካነር ያለው ፎቶ ቤት ውሰጂውና ቢያንስ በ1200 ዲ ፒ አይ (የምስል ጥራት መለኪያ ነው) ያንሡልሽ። ከሁሉም በላይ ታች ግራ በኩል፣ አያትሽ ቀኝ እግራቸውን መረገጫው ላይ ያሳረፉበትን ቦታ ነው የምፈልገው። ያቺ ከሱሪያቸው ሥር ብቅ ያለች ነጭ መስመር «ኤ» ናት ወይስ «ሲ»? የመጀመሪያው ፊደል በተራ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ መኪናዋ የተመዘገበችበትን ዓመት ለማጥበብ ይረዳናል። በ1923 የተመሠረተ የጆዌት ባለቤቶች ክበብም አለ፣ ምስሉ ሲመጣ ለእነሱ ጭምር እልከዋለሁ።

እኔ በሚቀጥለው ወር ብራድፎርድ እሄዳለሁ። የከተማዋ የኢንዱስትሪ ሙዚየም ውስጥ ጆዌቶች አሉ። አያትሽ ከቆሙበት አቅጣጫ ሆኜ አነሣልሽና ጎን ለጎን እናስተያያቸዋለን።