ሚኒራል ኪንግን ያሰቡት ሰዎች ምን ተምረው ነበር?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ክፍል ውስጥ የዲዝኒ ኩባንያ ካሊፎርኒያ ተራራ ላይ ሊሠራው አስቦ ስለነበረው ሚኒራል ኪንግ ስለሚባል የስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተቻ) ሪዞርት ተማርን። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከባዶ ከሚያስቡ ሰዎች አንዷ መሆን እፈልጋለሁ። ግን ሥዕል አልችልም። ስኪ እግሬ ላይ አድርጌ አላውቅም። እናቴ ነርሲንግ ግቢ እያለችኝ ነው። ደግሞ ፕሮጀክቱ ሳይሠራ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት የለፉት ሰዎች ልፋታቸው የት ገባ? እኔስ ምን ልማር?»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ልፋታቸው የት ገባ?» ያልሽው ነገር ውስጤ ቀረ። መልሱን ካገኘን ምን መማር እንዳለብሽም ይገለጥልናል ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ በሰዎቹ እንጀምር።

ፊት ላይ የቆመው የኩባንያው መሥራች ዋልት ዲዝኒ ነው። ለበረዶ ስፖርት እንግዳ አልነበረም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሹገር ቦውል የሚባል የስኪ ቦታ ሲጀመር ገንዘብ አውጥቷል። እዚያ በስሙ የተጠራ ተራራ አለ። በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በስኳው ቫሊ የክረምት ኦሎምፒክ ሲካሄድ የመክፈቻና የመዝጊያ ትርኢቶቹን የመራው እሱ ነው። የአሜሪካ የደን አገልግሎት በ1965 ሚኒራል ኪንግ ለሚባለው ሸለቆ ተጫራቾችን ሲጠራ ዲዝኒ አሸነፈ። ወጪው 35 ሚሊዮን ዶላር ነበር የተገመተው። በመስከረም 1966 ዋልት ከካሊፎርኒያ ገዥ ጋር ሸለቆው ውስጥ ቆሞ ለጋዜጠኞች ተናገረ። በታኅሣሥ 15 አረፈ። ሦስት ወር እንኳ አልሞላም።

አሁን ከኋላው የነበሩትን እይልኝ። ያንቺ ቦታ ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

ዊሊ ሼፍለርን ውሰጂ። ጀርመን ውስጥ ተወልዶ ያደገ የስኪ አሠልጣኝ ነው። የሠራው ደግሞ ካንቺ ቤት ብዙም በማይርቀው በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ነው። ቡድኑን 13 ጊዜ የአገር አቀፍ የኮሌጅ ሻምፒዮን አድርጓል። በስኳው ቫሊ ኦሎምፒክ የስኪ ውድድሮቹን የመራው እሱ ነበር። ዲዝኒ ለሚኒራል ኪንግ አማካሪ ያደረገው ተራራ ማንበብ ስለሚያውቅ ነው። ጀማሪ በየትኛው ቁልቁለት ይውረድ፣ ጎበዙስ በየትኛው፣ ፀሐይ የቱን ጎን ቀድማ ታቀልጣለች፣ ይህን ሁሉ ማየት የሚችል ሰው ነበር።

ሃሪሰን ፕራይስ ደግሞ ቁጥር ነበር ሥራው። ዲዝኒላንድ የሚባለው የመዝናኛ መናፈሻ አናሃይም ከተማ ላይ እንዲሠራ በ1953 ያጠናው እሱ ነው። በሚኒራል ኪንግም የድርጅቱ ጥናት አለበት። ስንት ሰው ይመጣል? ስንት ቀን ያድራል? ለምሳ ስንት ያወጣል? አንድ ወንበር ስንት ሰዓት ባዶውን ይውላል? የእሱ ጥያቄ ይህ ነበር። ሥዕል አልችልም ብለሽ አልነበር? እሱም ቦታው ላይ አሻራውን የተወው በእርሳስ ሥዕል አይደለም።

በጣም የምወዳቸው ግን ስማቸው የማይነሳው ናቸው። ኩባንያው ክረምቱን ሙሉ ሸለቆው ውስጥ የሚከርሙ በረዶ አጥኚዎች ቀጥሮ ነበር። መንገዱ በበረዶ ይዘጋል። የዚህ ሰው ሥራ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ በረዶው ውስጥ እስከ መሬት ይሰካል። ይወጣል፣ ይመዘናል። ከክብደቱ ስንት ውኃ እንዳለበት ይሰላል። ከዚያ ጉድጓድ ይቆፈራል። የጉድጓዱ ግድግዳ እንደ ድፎ ዳቦ ቁራጭ ድርብርብ ሆኖ ይታያል። በእጅ እየተዳሰሰ የሚንሸራተተው ልል ንብርብር ይፈለጋል። ያ ንብርብር ነው የበረዶ ናዳ የሚያመጣው። በ1969 ክረምት ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ እዚያው ሸለቆ በናዳ ሞተ። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። የሚያምር ሥዕል ከጀርባው ምን ዓይነት ሥራ እንዳለው እንድታውቂ ነው።

ሥዕልም ነበር በእርግጥ። ማርክ ዴቪስ የሚባለው ሠዓሊ ለሪዞርቱ በማሽን እየተንቀሳቀሱ የሚዘፍኑ ድቦች ነደፈ። ዋልት ሊሞት ትንሽ ሲቀረው ንድፎቹን አይቶ ከልቡ እንደሳቀ ዴቪስ ተናግሯል።

ታዲያ ለምን ቀረ? ዕቅዱ በቀን እስከ 14,000 ሰው ለማስተናገድ ነበር። መኪና ሸለቆው ውስጥ እንዳይገባ፣ እንግዳው በጥርሳም ባቡር (ጥርስ ያለውን ሐዲድ እየነከሰ ሽቅብ በሚወጣ ባቡር) እንዲመጣ ታስቦበት ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ወደዚያ የሚያደርሰው አዲስ መንገድ በሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ ማለፍ ነበረበት። ሲዬራ ክለብ የተባለው የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ማኅበር በ1969 መንግሥትን ከሰሰ። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ «ማኅበሩ በዚህ መልኩ የመክሰስ መብት የለውም» አለ። ማኅበሩ በወረቀት ተሸነፈ፤ ክሱን ግን አሻሽሎ ቀጠለ። ጊዜው ሄደ፣ ወጪው ናረ፣ የሕዝቡም ስሜት ተለወጠ። በ1978 ኮንግረሱ ሸለቆውን ከሴኮያ ፓርክ ጋር ቀላቀለው። ነገሩ በዚያ አበቃ።

እኔ በበኩሌ ሸለቆው እንዲያ በመቅረቱ ደስ ይለኛል። ግን ሰዎቹ ሰነፎች ነበሩ ማለቴ አይደለም። ጎበዞች ነበሩ። በረዶውን ለክተዋል፣ ገበያውን ለክተዋል። «ይህ ቦታ ለማን ምን ማለት ነው?» የሚለውን ግን በጊዜው ማንም ቁጭ ብሎ አላጠናውም። ያኔ እንዲህ ያለ ጥናት በሕግ ግዴታ አልነበረም። የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲ ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በ1970 ነው። ከዚያ ወዲህ በፌደራል መሬት ላይ ትልቅ ነገር ሊሠራ ሲል ተጽዕኖው ይጠናል፣ ብዙ ጊዜም ሕዝብ አስተያየት ይሰጣል። ያ ሕግ ብዙ ዓይነት ሥራ ፈጠረ። የውኃ ባለሙያ፣ የዱር እንስሳት ባለሙያ፣ የትራፊክ መሐንዲስ፣ ኢኮኖሚስት፣ ስብሰባ ላይ ቆሞ ሕዝብ የሚያዳምጥ ሰው ይፈለጋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ልፋታቸው የት ገባ? የዴቪስ ድቦች ፍሎሪዳ ሄዱ። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በ1971 ሲከፈት እዚያ መድረክ ላይ ነበሩ። ሼፍለር የአሜሪካን የስኪ ቡድን መራ። ፕራይስ ለሌሎች መናፈሻዎች ሲያጠና ኖረ። ፕሮጀክቱ ሞተ፣ ሙያቸው ግን እጃቸው ላይ ነበር። ስለዚህ እህቴ፣ ኩባንያ አትምረጪ። ፕሮጀክትም አትምረጪ። ነገ ፕሮጀክቱ ቢሰረዝ ይዘሽው የምትወጪውን ሙያ ምረጪ።

ላንቺ የሚታየኝ ሁለት መንገድ ነው። ቁጥር የሚቀልሽ ከሆነ ኢኮኖሚክስ፣ ወይም የቱሪዝምና የመስተንግዶ ሥራ አመራር ከስታቲስቲክስ ጋር። ደጅ መዋል፣ አፈርና ውኃ የሚስብሽ ከሆነ አካባቢ ሳይንስ ከካርታ ሥራ ጋር። ያንን የካርታ ሶፍትዌር ጂአይኤስ ይሉታል። ኮሌጅሽ ትምህርቱ ካለው አሁኑኑ አንድ ኮርስ ያዢ። የትኛው እንደሚሆንሽ ካላወቅሽ ይህን አድርጊ። ቬይልና ብሬከንሪጅ የሚባሉት የኮሎራዶ የስኪ ቦታዎች ያሉት ዋይት ሪቨር በሚባለው ብሔራዊ ደን መሬት ላይ ነው። አዲስ ሊፍት (ሰው ወደ ተራራው የሚያወጣ በገመድ የሚሄድ ወንበር) ወይም መውረጃ ሲታሰብ የሚወጣውን የአካባቢ ጥናት ሰነድ የደን አገልግሎቱ ለሕዝብ ይፋ ያደርገዋል። አንዱን አውርጂና አንብቢ። ሲሰለችሽ የቱ ጋ እንደሰለቸሽ፣ ምሳሽን ረስተሽ ያነበብሽው የቱ ክፍል እንደሆነ ጻፊ። ከኔ ምክር የተሻለ ይነግርሻል። መጨረሻው አካባቢ ብዙ ጊዜ የአዘጋጆቹ ስምና ሙያ ይኖራል። ከእነሱ ለአንዱ አጭር፣ ጨዋ ኢሜይል ላኪ። «ሃያ ደቂቃ ይስጡኝ፣ ምን ተምረው እዚህ እንደደረሱ ልጠይቅዎት» በይ። ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ስኪ አለማወቅሽ አያሳፍርም። ግን አንድ ክረምት ተራራው ላይ ሥሪ። ቲኬት መሸጥም ይሁን ሊፍት ላይ ሰው ማሳፈር፣ ምንም አይደለም። ለሠራተኛ ብዙ ጊዜ መንሸራተቻው ነፃ ነው። የቤት ኪራዩ ግን እሳት ነው፤ የሠራተኛ ማደሪያ እንዳላቸው ሳትጠይቂ እሺ እንዳትዪ።

እናትሽን በተመለከተ። ነርሲንግ የተከበረ ሙያ ነው፣ እናትሽም ክፉ አላሰበችም። የምትፈልገው ነገ ደመወዝ ያለው ልጅ ማየት ነው። ከእሷ ጋር «ሕልሜ ነው» እያልሽ አትከራከሪ። ሦስት የሥራ ማስታወቂያ አትሚና ቡና ሲፈላ ይዘሽላት ቁጭ በይ። ምን ትምህርት እንደሚጠይቅ፣ ስንት እንደሚከፍል፣ መሥሪያ ቤቱ የት እንደሆነ አንብቢላት። ጥያቄ ትጠይቅሽ። መመለስ ያቃተሽን ጥያቄ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አብረን እንፈልገዋለን።