ሞላው ሳይሰበር «ተሰበረ» አትበለው

ወንድሜ፣ ግራሞፎኑ በደንብ ይሞላል፣ ሸክላው ግን ግማሽ ላይ ሲደርስ እየተጎተተ ይቆማል፣ ከውስጥም አልፎ አልፎ «ዱብ» ይላል፤ ሞላው ተሰብሮ ይሆን ብለሃል። በእኔ ግምት አልተሰበረም። ሞላ ከተሰበረ እጀታውን የፈለግኸውን ያህል ብታዞረው አይከብድህም። ያንተ እየከበደ ይሄዳል፣ ዘፈኑንም ይጀምራል።

ዱብታው የግሪስ ነው። ሞላው ረጅም የብረት ጥብጣብ ነው፤ ከበሮ በሚባለው ክብ የብረት ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሲፈታ ጥቅልሎቹ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ መላቀቅ አለባቸው። ግሪሱ ሲደርቅ ያጣብቃቸዋል፤ ተያይዘው ይቆዩና በአንዴ ይለቃሉ። የራሴን ስከፍተው ያገኘሁት እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ በጥፍር ተፍቆ የሚነሳ ነገር ነበር።

እኔ ግን ያኔ ይህን ስላላወቅሁ መጀመሪያ ያደረግሁት አዲስ ሞላ መግዛት ነው። ገጠምኩት፣ ዱብታው ጠፋ፤ መጎተቱ ግን አልተወኝም! ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር። ፍጥነት የምትቆጣጠረዋን ገቨርነር እያት፦ ሦስት ትንንሽ የእርሳስ ክብደቶች በስስ ባሌስትራ ላይ ተሰክተው ይሽከረከራሉ። ሲፈጥኑ ወደ ውጭ ይለጠጡና አንዲት ክብ ዲስክ ይስባሉ፤ ዲስኳ ከቆዳ ወይም ከፌልት (ከተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ) በተሠራች ፍሬን ላይ እየታሸች ፍጥነቱን ትገታለች። የእኔ ፍሬን ደርቃ እንደ እንጨት ሆና ነበር። ሁለት ጠብታ ቀላል የማሽን ዘይት ጠጥታ ዳነች። ስለዚህ አንተ ከዚህ ጀምር፤ ፍሬኗን፣ የገቨርነሯን ሁለት ጫፎች፣ የሸክላውን ሳህን ዘንግ ዘይት አቅምሳቸው። ወጪ የለውም።

ካልተሻለው ከበሮውን መክፈት ግድ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን በደንብ ስማኝ። ሳህኑ ስለቆመ ሞላው ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ የተጣበቀ ሞላ ኃይሉን ይዞ ነው የሚቆመው። ሳህኑን በጣትህ እየገፋህ፣ ምንም መጎተት እስኪያጣ ድረስ አስጨርሰው። ከዚያ በፊት ገቨርነሯን ብትፈታ የሚይዘው ስለሌለ ማርሹ ሁሉ በአንዴ ይለቀቅና ጥርሱ ይረግፋል። ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተፈታ ሞላም ከበሮው ውስጥ ታፍኖ ነው ያለው። ከመሀል ጀምረህ፣ አንድ ዙር አንድ ዙር፣ በወፍራም ጓንት ይዘህ፣ መነጽር አድርገህ ነው የሚወጣው። ጠርዙ እንደ ቢላ ነው። እጅህ ካልለመደ ለለመደ ሰው ስጠው፣ ምንም ነውር የለበትም።

ከወጣ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በነጭ ጋዝ አጥበህ አድርቀው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት የመንጠቆ ቀዳዳዎች እንዳልተሰነጠቁ እይ፣ ግራፋይት ያለበት ግሪስ በስሱ ቀብተህ መልሰው። ስታበዛው ከከበሮው እያፈሰሰ ሣጥኑን ያበላሻል።

ፍጥነቱን ለማስተካከል ቁራጭ ወረቀት ከሸክላው ሥር ጫፉን አውጥተህ አስገባና በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ቁጠር፤ 78 መሆን አለበት። መርፌው ሸክላው ላይ ተቀምጦ ቁጠር እንጂ ባዶውን አይደለም፣ የመርፌው ጫና ያዘገየዋል።

የፍሬኗን ፎቶ አንሥተህ ለጥፍልን፣ ዘይት ይበቃት እንደሆነ አይቼ እነግርሃለሁ።