ሳይደሩ ተበላሽቷል ወይስ ጠባዩ ነው?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ግሮሰሪ አለኝ። ደንበኞቼ የታሸገውን የፖም ሳይደር (ከፖም ጭማቂ የሚጠመቀውን አልኮል ያለበት መጠጥ) «ኮምጥጧል» እያሉ ይመልሱብኛል። ከዚያው ካርቶን ደሴ ላለው ወንድሜ ብልክለት ግን «ግሩም ነው» አለኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ሳይደር ከፖሙ የሚወርሰው ኮምጣጣነት አለው፤ ማሊክ አሲድ ነው። ይህ ምራቅ ያመጣል እንጂ አፍንጫ አይወጋም። የተበላሸው ግን አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ይበዛበታል፤ ሳይቀመስ ይሸታል፣ ሲዋጥም ጉሮሮ ይከረክራል።

የምርት ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ጠርሙስ ይውሰዱ። አንዱን እንደወትሮው ቀዝቅዞ፣ ሌላውን ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሲደርስ ይክፈቱ። ሳሙና በማይሸት የወይን ብርጭቆ፣ እስከ ሲሶው፣ ያለ በረዶ ይቅዱ። ቡናና በርበሬ የቀመሰ አፍ አይፈርድም፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። አዙረው ያሽትቱ፣ ትንሽ ተጎንጭተው ምላስዎ ላይ ያንሸራሽሩት፣ ይዋጡ፣ ከዚያ 20 ሴኮንድ ያህል ይጠብቁ። መጠበቁን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ትልቅ ስሕተት ነው። የአይጥ ጎጆ ሽታን የሚያስታውሰው የጣዕም ጉድለት በአፍንጫ አይገኝም፤ ምራቅ የመጠጡን አሲድ ሲያለዝበው ነው የሚወጣው። ጨርሶ የማይሰማቸው ሰዎች ስላሉ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ቅመሱ።

የእኔ ጥርጣሬ ፍሪጁ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ስለሚሞቅ ፍሪጅ እስከ ጥግ ይከፈታል። በ2 ወይም በ3 ዲግሪ የፖሙ ሽታ ይጠፋል፣ ጣፋጭነቱ ይደበቃል፣ ኮምጣጣነቱና አፍ የሚሰበስበው ጣዕም ብቻ ጎልተው ይቀራሉ።

በደንብ የታሸገ ሳይደር በቀላሉ አቼቶ አይሆንም፤ ባክቴሪያው አየር ይፈልጋል፣ የፋብሪካ ሳይደርም አብዛኛው ተጣርቶ በሙቀት የታከመ ነው። ስለዚህ የአቼቶ ሽታ ካገኙ ቆርኪውን ይፈትሹ፤ ዙሪያው ከዛገ ወይም እጅ ላይ ከተጣበቀ አየር አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ሙቀት የሚያመጣው ሌላ ጣጣ ነው፦ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ሽታው የረጠበ ካርቶን ይሆናል። ካርቶኖቹን ከቆርቆሮ ግድግዳ ያርቁ።

የክብሪት ሽታ የማቆያው ሰልፋይት ነው፤ ጥቂት ሲናፈስ ይለቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ግን አይሽጡት። ወንድምዎ «ሲከፈት ይገነፍላል» ቢሉ አይደንግጡ፤ ደሴ ከባሕር ጠለል 2500 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፣ ጋዙም ፈጥኖ ይወጣል።

ሁለቱም ጠርሙሶች አቼቶ ከሸተቱ ካርቶኑን ከነምርት ቁጥሩ ለአከፋፋዩ ይመልሱ። የቀዘቀዘው ብቻ ከኮመጠጠ የፍሪጁን ሙቀት ወደ 8 ዲግሪ ከፍ ያድርጉት።