ተመርቆ አትክልተኛ መሆን ያሳፍራል?

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በሆርቲካልቸር ተመርቀሽ ሥራ ስትፈልጊ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ የአትክልተኞች አስተባባሪ ቦታ ወጥቶ አይተሻል። ቤተሰብ ግን «ይህን ሁሉ ተምረሽ ዶማ ልትይዢ ነው?» ብሎሻል። ልመዝገብ ወይስ የቢሮ ሥራ ልጠብቅ ነው ያልሽኝ። ተመዝገቢ።

ግቢው ለተማሪ ተብሎ የተነደፈ አይደለም፤ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ መኳንንቱና ሹማምንቱ የተገደሉት እዚያው አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡት፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1954 ዓ.ም. ተመረቀ። ዛሬ ሙዚየም ከሆነው ሕንፃ ፊት ለፊት ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ ታውቂዋለሽ። ጣሊያኖች እያንዳንዱን እርከን ለአንድ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት ብለው ሠሩት፤ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እዚያ አጠገብ ያለ ቦታ የተተከለ አንድ ችግኝ አድጎ ያንን ሁሉ ሊጋርደው ይችላል። የት ተክሎ የት መተው እንዳለበት የሚወስን ሰው ቅርስ ጠባቂ ነው፤ ለቤተሰብሽም ይህንኑ ንገሪያቸው።

ስለ ሕንፃዎቹ ብዙ ተጽፏል። ዛፎቹን ኮትኩተው ስላሳደጉት ሰዎች የተጻፈው ግን ትንሽ ነው፤ ይህ እኔን ሁሌም ይቆጨኛል። ሥራውን ካገኘሽ መጀመሪያ አንጋፋዎቹን አትክልተኞች ጠይቂ፦ የቱ ዛፍ መቼ ተተከለ፣ ውኃ የሚተኛው የት ነው፣ በበጋ ቶሎ የሚደርቀው የቱ ጥግ ነው? አንቱ ብለሽ፣ ደብተር ይዘሽ። የተክሎቹን ሳይንሳዊ ስም ለማጣራት አራት ኪሎ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ናሙና የሚቀመጥበት ማዕከል) አለልሽ። እንዲህ ያለ የዛፍ መዝገብ በእጅሽ ካለ፣ ነገ ዩኒቨርሲቲውና የከተማው አስተዳደር በጋራ ባቋቋሙት ጉለሌ እፅዋት ማዕከል ብትወዳደሪ ከማንም ሲቪ ይልቅ ይናገርልሻል።

ለቃለ መጠይቁ ግቢውን ቀድመሽ ዙሪው። ስለ መግረዝ መጠየቅሽ አይቀርም፦ ወይራ ከግንዱ ቢቆረጥም ያቆጠቁጣል፤ ጽድ ግን አረንጓዴውን አልፈሽ ቅጠል እስከሌለው ቅርንጫፍ ከገረዝሽው መልሶ አይለብስም። ይህን ከነምክንያቱ የምታስረዳ አመልካች ሥራውን በእጇ እንደምታውቀው ወዲያው ይገባቸዋል። አንቺም ሁለት ነገር ጠይቂያቸው፦ ቦታው ቋሚ ነው ወይስ ኮንትራት? አትክልተኞቹስ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ናቸው ወይስ የኤጀንሲ? በኤጀንሲ ከሆኑ ሰው ቶሎ ቶሎ ይቀያየርብሻልና፣ የአንጋፋዎቹን ቃል መመዝገቡን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሪ።